ብቻ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከዚራ ዛፍ ሥር፣
ከወርክሾፕ ወጥተን፣ ግራሶው ከእጃችን ሳይለቅ፣
«በእምነት ብቻ» ስልህ፣
«‹ብቻ›ን ከየት አመጣሃት?» ብለህ ስትስቅ፤
«ያዕቆብን ግለጠው! ሥራ የሌለው እምነት ሬሳ ነው፣ ወላሂ!»
ካቶሊክ «ወላሂ» ሲል፣ ኡመር ይስቃል ከሱቁ፤
አቦ፣ ድሬ ናት፤ የተዋሱት መሐላ ነው የሰዉ ስንቁ።

ከ«ብቻ» ስናርፍ «ነው» ትመጣለች።
«ይህ ሥጋዬ ነው ካለ፣ ነው፤ አለቀ፤ ምን ያከራክራል?»
«መታሰቢያ ነው» እላለሁ።
«አየህ! አንተም ‹ነው› አልክ!» ጣትህ ጠረጴዛ ይደበድባል።
ሁለት ፊደል ይዘን ስንቱን ምሽት ፈጀን፤
በድሬ ሐሩር፣ ስንት ብርጭቆ ሻይ አስበረድን።

ጸሎት ቤታችን በቀይ ሰም የታሸገ ለት፣
የመዝሙር መጽሐፋችንን፣ ስድሳ አራቱን፣ በአንድ ሌሊት
ከዲናሞ ሣጥን፣ ከመዳብ ሽቦ ሥር የቀበርክ አንተ ነህ።
ካድሬው በእግሩ ነካ አድርጎ «ይሄስ ምንድን ነው?» ሲልህ፣
«መለዋወጫ ነው» አልክ፣ ላብ ሳያጠምቅህ።
«ነው» አልክ፣ ኢግናጥ።
በዚያች «ነው» እስካሁን አልተከራከርኩህ።

ዘንድሮ ቀኝ ጎንህ ከዳህ፣ አፍህም ግማሹ።
ከሳቢያን እየመጣሁ ጺምህን እላጫለሁ።
«ይሄስ… ሥራ ነው ወይስ እምነት?» ትለኛለህ።
«እምነት ነው፤ ያንተ»
እላለሁ፣ ምላጩ ማንቁርትህ ላይ እንዳለ።

ፊሎሜና፣ ልጅህ፣ ከስልኳ አነበበችልን፤
ሮምና የሉተር ልጆች፣ እኛን ሳይጠይቁን፣
ስለ ጽድቅ ተስማምተው ፈርመዋል አለችን፤
እኛ እዚህ ስንሟገት፣ ድሮ፣ ፈርመው ጨርሰው!
በደህናው ጉንጭህ ሳቅክ፤
«ታዲያ የዚያን ሁሉ ማታ ውሎ አበል ማን ይክፈለን?»
«እንደ ሐዲድ ናችሁ» አለች፣
«ሁለት ሆናችሁ አንድ ባቡር የምትሸከሙ።»
እኩል ፊታችንን አጨፈገግን።
ሐዲድ ላይ ያረጀ ሰው ይህን ምሳሌ አይወደውም፤
ባቡሩ ቀርቶ ሣር የበቀለበትን ብረት ያውቀዋልና።

እሁድ አባ ሲልቫኖስ ቁርባን ይዘው ሲገቡ
ወንበሬን ይዤ ወደ በረንዳ እወጣለሁ።
ውጣ ያለኝ የለም። ና፣ ቅረብ ያለኝም።
ደቻቱን አያለሁ፣ ደረቅ አሸዋውን፤
ፍየል የሚሻገረው፣ ሕፃን ኳስ የሚያባርርበት፣
አንድ ሌሊት ሲቆጣ ግን ሰፈር ከሰፈር የሚለይበት።
ከውስጥ «አሜን» ትላለህ፣ ተሰባብሮ።
እኔም እላለሁ፣ ቀስ ብዬ፤
ለየትኛው እንደሆነ ሳላጣራ።

ማክሰኞ ማታ መቁጠሪያህ ከእጅህ ወደቀ።
ጣትህ ፍሬውን መግፋት እንቢ አለ፤ ዓይንህ ለመነኝ።
አነሳሁት።
የኛ ሽማግሌዎች ቢያዩኝ!
«በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ ነው» ብዬ
ወጣቱን ያስተማርኩበት ይኸው እጅ
አንድ ፍሬ ገፋ፤ ደግሞ አንድ ፍሬ።
«ጸጋን የተመላሽ…» ስትል አንተ፣ እኔ ዝም፤
ጣቴን አዋስኩህ፣ ኢግናጥ፣ አፌን አላዋስኩህም።
አንተም አልጠየቅከኝም።

ሦስተኛው ዐሥር ላይ ልሄድ ተነሳሁ፤
መሽቷል፣ የሳቢያን ባጃጅ ያልቃል።
«ብቻ…» አልክ።
ቆምኩ፤ የለመደብኝ፣
ያዕቆብን ልትመዝ ነው ብዬ ጳውሎስን ላወጣ።
«ብቻ… አትተወኝ።»

«ብቻ» ይሁን «ብቻዬን»፣ ግማሹ አፍህ አልለየው።
ሠላሳ ዓመት የተሟገትኩላት ቃል፣
እንዲህ ስትባል ሰምቻት አላውቅም።

ጫማዬን አወለቅኩ። ወንበሬን አስጠጋሁ።
«ስንተኛው ፍሬ ላይ ነበርን?»